አባ እፍ ያሉበት ጉድጓድ

ፍኖተ ሰላም፣ ከመነኻሪያው ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ሥራ የጀመርሁ ቀን፣ አዘጋጁ አቶ ሙላት ቢንቢ ይሣሉ አሉኝ። ሣልሁ። አዩት፣ ፈገግ አሉ። «ያስቃል፣ ወይዘሮ ጥሩነሽ። እግሩን ግን ይቁጠሩት።» አራት ነበር። «ባርኔጣ ያድርግ፣ ጃንጥላም ይያዝ፣ ግድ የለኝም። እግሩ ግን ስድስት ነው።»

ልጆችን ሳይንስ የሚያስተምሩ አስቂኝ መጻሕፍት ነበር የምናዘጋጀው። አቶ ሙላት ይጽፋሉ፤ እኔ በእርሳስ እነድፋለሁ፤ ሲስማሙበት በጥቁር ቀለም አጠነክረዋለሁ። የሙከራ ቅጂ በፎቶ ኮፒ እናባዛና በስቴፕለር አያይዘን ቡሬና ማንኩሳ አካባቢ ላሉ ትምህርት ቤቶች እንሰጣለን። ልጆች ያልሳቁበት ገጽ ይቀየራል። የሳቁበት ይታተማል።

ስለ አየር በሠራነው መጽሐፍ አንድ ገጽ ስለ ጉድጓድ ነበር። ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ሰው ሊተነፍሰው የማይችል ከባድ አየር ሊጠራቀም ይችላል። ኩራዝ ቢወርድ ይጠፋል፤ ሰው ቢወርድ ይሞታል።

«በዚህ እንዴት አድርገን እናስቃለን?» አሉ አቶ ሙላት።

ጋቢ የተከናነቡ ሽማግሌ ሣልሁ። ጉድጓዱ ሥር ቁጭ ብለው፣ ጉንጫቸውን ነፍተው፣ የወረደባቸውን ኩራዝ እፍ ይላሉ። ስማቸውን አባ እፍ አልናቸው። አቶ ሙላት መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን እስኪጠርጉ ሳቁ።

ቅጂውን ማንኩሳ አጠገብ ላለች የገጠር ትምህርት ቤት ሰጠን። ክረምቱ አልፎ፣ በእንቁጣጣሽ ሰሞን፣ ልጆቹ ምን እንዳሉ ልጠይቅ ሄድሁ። ርዕሰ መምህሩ ምዝገባ ላይ ነበሩ። «በጣም ወደውታል፤ ሽማግሌውንማ አይጠየቅ። ከኋላ ናቸው፣ ይሂዱና ያነጋግሯቸው» አሉኝ።

ከኋላ ጭጋጉ ገና አልተነሣም። ልጆቹ ክብ ሠርተው ቆመዋል፤ የሚያወራ የለም። መካከላቸው የተተወ የውኃ ጉድጓድ ነው፤ ክዳኑን አንሥተውታል። ሁሉም አደይ አበባ ይዘዋል። በአንድነት ጎንበስ አሉ።

«አባ እፍ፣ እንደምን አደሩ?»

«…አደሩ» አለ ጉድጓዱ።

የገደል ማሚቶ መሆኑን አውቃለሁ፤ በእርሱም ላይ መጽሐፍ ሠርተናል። ያም ሆኖ ርምጃዬን አፈጠንሁ።

«ምን እያደረጋችሁ ነው?»

«እንቁጣጣሽ እያልናቸው ነው፣ እትየ» አለች አንዷ። «ሁልጊዜ ይመልሱልናል። ትርንጎ ጉልበታቸውን ልትስም ገብታለች።»

ተጠግቼ አየሁ። ቆፋሪዎች በግድግዳው የቦረቦሩትን መርገጫ እየያዘች አንዲት ልጅ ትወርዳለች። አናቷ ከአፋፉ ዝቅ ብሏል። አበባዋን መቀነቷ ውስጥ ሸጉጣለች።

«ትርንጎ፣ ውጭ። እዚያ ማንም የለም።»

ቀና ብላ አየችኝ። «ኧረግ፣ አሉ እንጂ! መጽሐፉ ላይ ተሥለው የለም እንዴ?» አንድ መርገጫ ወረደች።

እጄ አይደርስባትም። ብጮህ ደንግጣ ትወድቃለች። ድምፄን ዝቅ አደረግሁ።

«እኔን እላይ ጥለሽ ነው የምትወርጂው? እኔስ ትልቅ ሰው አይደለሁም? መጀመሪያ የእኔን ጉልበት አትስሚም?»

ቆመች። «ነውር ነው፣ ትርንጎ» አሏት ጓደኞቿ። አፍራ መውጣት ጀመረች። ጉልበቴን ልትስም ጎንበስ ስትል ክንዷን ያዝሁ። አልለቀቅኋትም።

ጧፍ አስመጥቼ፣ ለኩሼ፣ በገመድ አወረድሁት። ነፋስ አልነበረም። እግሯ ከነበረበት ጥቂት ዝቅ ሲል ነበልባሉ ተኛ፣ ጠፋም፤ ልክ ሰው እንደነፋው። እንዲፈሩ ብዬ ነበር ያሳየኋቸው። የልጆቹ ፊት ግን በራ። «አያችሁ? እሳቸው ናቸው» ተባባሉ በሹክሹክታ።

ርዕሰ መምህሩ የዚያኑ ዕለት ጉድጓዱን በድንጋይ አስደፈኑት። እኔ ፍኖተ ሰላም ተመልሼ ገጹን እንደገና ሠራሁት፤ ጨለማ ጉድጓድ፣ የጠፋ ኩራዝ፣ ሌላ ምንም።

አቶ ሙላት መነጽራቸውን አድርገው አዩት። «ይህ አያስቅም፣ ወይዘሮ ጥሩነሽ።»

«አያስቅም።»

«አባ እፍ የት ሄዱ ብለው ቢጠይቁስ?»

«ድሮም አልነበሩም ይበሏቸው።»

ገጹ እንደዚያው ታተመ። የሳቀበት ልጅ አላየሁም።

ወደዚህ ሙያ ለምትገቡ የምለው ይህን ነው። ልጅ ያሳቀውን ይወዳል፤ የወደደውንም ይጠጋል። ለሚገድል ነገር ፊት አትሣሉለት።