የኩርት ሃልቮርሰን ቀኝ እግርና የፍራሽ ነጋዴው

በግሪንሾ ከተማ ሰው ሁሉ የሚስማማበት አንድ ነገር ቢኖር ኳስ መቺ ሥራ ፈት መሆኑ ነው። ሌሎቹ ሲላተሙ እሱ ቆሞ ያያል፤ ሌሎቹ ሲደሙ እሱ የጫማውን ክር ያጠብቃል። ይህን የሚሉት ደግሞ ቢራቸውን ታቅፈው ከወንበራቸው ፈቀቅ የማይሉት የአዮዋ ጀግኖች ናቸው።

የበረዶው ወራት ሲያልፍ የሆኪ አዳራሻችን ወለል በጣውላ ይሸፈናል፤ በላዩ ሰው ሠራሽ ሣር ይነጠፍና ጨዋታው ይጀመራል። ያው ኳሷን በእጅ ይዘው የሚሮጡበት፣ መቺው ብቻ በእግሩ በምሰሶዎች መሃል የሚያሳልፍበት የአሜሪካ እግር ኳስ ነው፣ ጣሪያ ሥር የተጠቀጠቀ። ሜዳው በግማሽ ያጠረ፣ ምሰሶዎቹ በግማሽ የጠበቡ፣ ዙሪያው ግድግዳ፤ መሃል ላይ ደግሞ ነጥብ የሚያሳየው ትልቁ ሰሌዳ እንደ ተሰቀለ በሬ ተንጠልጥሏል። ውጭ ሜዳ ላይ አንበሳ የነበረ መቺ እዚህ ሲመጣ ድመት ይሆናል።

ኩርት ሃልቮርሰን ግን ወዶ መጣ። የኮሌጁ ቡድን አሰናበተው፤ ትልልቆቹ ቡድኖች ስልኩን አላነሱም። ከከተማ ከተማ እየዞረ ለትንንሾቹ ተጫወተ፤ አንዳንዶቹም እግሩ ሥር ፈረሱ። የአንዱማ ሾፌር ደመወዝ ሲቀርበት አውቶቡሱን ከነማልያው ይዞ ቤቱ ገባ። ሌላ ሰው ቢሆን ምልክቱ ይገባው ነበር። ኩርት ቀን ቀን የሰው ቤት ጣሪያ እየጠገነ፣ ሲመሽ በተዘጋ የመንሸራተቻ አዳራሽ ውስጥ ብቻውን ኳስ ይመታ ነበር። ሠላሳ ስድስት ዓመት ሞላው፤ አላቆመም።

የቡድናችን ባለቤት ስተብስ ፍራሽ ይሸጣል። የሜዳው ግድግዳ የተለበጠውም በእሱ ስፖንጅ ነው፤ ተጫዋቾቻችን ተወርውረው የሚጋጩት ከማስታወቂያው ጋር ነው። አንድ ሰኞ ኩርትን አስጠራው። አሰልጣኙ ዴልማር ፕሩዊትም ጥግ ይዞ ቆሟል።

"ስማኝ ወዳጄ፣ አንተ ባገባህ ቁጥር ኳሷ ተመልካች መሃል ትገባለች። የያዛት ሰው ደግሞ ይዟት ይሄዳል።"

"ደንቡ ነዋ፣ ሚስተር ስተብስ።"

"ደንቡንማ አውቃለሁ! ትንሽ ቀስ አድርገህ ብትመታስ? ከምሰሶው ጎን ያለው መረብ ይመልሳት የለ?"

"መረቡ ከመለሳትማ አልገባችም ማለት ነው።"

ስተብስ አሰበ። ማሰብ ለእሱ ደረጃ እንደ መውጣት ነው፤ መሃል ላይ ያርፋል።

"እንግዲያው በአንተ ቦታ አንድ ግዙፍ ልጅ እቀጥራለሁ። ከእንግዲህ አንመታም፤ ገፍተን እንገባለን።"

"ቅዳሜን ብቻ ይጫወትልኝ፣" አለ ፕሩዊት። "ካሸነፍን ለዋንጫው ዙር እናልፋለን። ከዚያ በኋላ እርስዎ ይወስኑ።"

"ቅዳሜን ብቻ!" አለ ስተብስ።

ቅዳሜ የኩርት የመጀመሪያ ምት ከተሰቀለው ሰሌዳ ጋር ተላትማ ወደቀች። ከመረቡ ጀርባ ያለው ሕዝብ ይህን ሲጠብቅ የከረመ ይመስል ተነሣ።

"አያቴ! ሰሌዳው ምን በደለህ?"

"ተዉት እንጂ፣ ጣሪያ ሊጠግን ነው የመጣው!"

ፕሩዊት ደነገጠ። ከዚያ በኋላ ኳሷን መስመር አሻግረን ስድስት ነጥብ ባገባን ቁጥር፣ በምት አንድ በሩጫ ሁለት የሚያስገኘውን ተጨማሪ ሙከራ በሩጫ አደረገው፤ በየጊዜው ልጆቻችን መስመሩ ላይ ተደፉ። ይባስ ብሎ ለኩርት ኳስ መሬት ላይ አቁሞ የሚይዝለት ልጅ ግድግዳውን ተሻግሮ አንዲት ወፍራም ሴትዮ ጭን ላይ አረፈ፤ ትከሻው ወለቀ። ሴትዮዋ ምንም አልሆነችም።

ጨዋታው ሊያልቅ ሲል እንደገና ስድስት አገባን። አሁንም ግን በአንድ ነጥብ ተበልጠናል።

"እንሮጣለን!" አለ ፕሩዊት።

ኩርት ከፊቱ ተገተረ። "ሲደፉ አመሹ እኮ! እኔ ልምታ።"

"ማን ያቁምልሃል? ደግሞ ብታገባስ? አንድ ነጥብ ነው፣ እኩል እንወጣለን።"

"ማንም አያቁምልኝ። ከእጄ ጥዬ፣ መሬት ነክታ ስትነሣ እመታታለሁ። እሱ ሁለት ነጥብ ነው።"

"አብደሃል? ጫፏ ሹል ነው፣ ወዴት እንደምትነጥር ሰይጣንም አያውቅ!"

"እኔ አውቃለሁ። ይህን በተዘጋው አዳራሽ ውስጥ ስደጋግመው ነው የከረምኩት። ዴልማር፣ ዛሬ ካልመታሁ ሰኞ የለሁም።"

ፕሩዊት ተመልካች መሃል የተቀመጠውን ስተብስን ቀና ብሎ አየ፤ ስተብስ ጣቱን ወደ ሯጮቹ ቀሰረ። አሰልጣኙም በዕድሜው አንዴ ወንድ ሆነና ጀርባውን ሰጠው።

"ሂድ ምታ!"

ተቃራኒዎቹ እየጮኹ መጡበት። ኩርት ኳሷን ቀጥ አድርጎ ለቀቃት፤ ነጠረች፤ እግሩ አገኛት። ከሰሌዳው ሥር ሾልካ የቀኙን ምሰሶ ላጠችና ወደ ውስጥ ገባች፤ በአንድ ነጥብ አሸነፍን። አያቴ ሲሉት ያመሹት ሁሉ በአንድ አፍ ስሙን ጠሩ፤ ኀፍረት የሚባል ነገር እኛ ከተማ አልገባም።

ስተብስ ላቡን እየጠረገ ወረደ።

"እሺ፣ ውድድሩ እስኪያልቅ፣ እስከ ሐምሌ መጨረሻ ቆይ። ከዚያ በኋላ ግን ቃል አልገባም።"

"ሐምሌ ይበቃኛል፣" አለ ኩርት። ወደ ፕሩዊትም ዞሮ፣ "ማክሰኞ ልምምዱ ስንት ሰዓት ነው?"

"አሥራ ሁለት።"

"አሥራ አንድ ላይ በሩን ክፈቱልኝ።"