ለእንግዶች የታሰበው የእግር መንገድ

ላቀው ስለ አንድ መንገድ ሲጠየቅ መልሱ ሁልጊዜ ጥያቄ ነበር፦ «በየትኛው ወር?» ጥር ላይ አቧራ የሆነው ሐምሌ ላይ ማጥ ነው፤ መስከረም ላይ እህል የቆመበት የካቲት ላይ ሰው ያቋርጠዋል። ይህን ያወቀው ሃያ ሁለት ዓመት የወባ መድኃኒት መርጫ በጀርባው አዝሎ፣ ከቡሬ ቆላ እስከ ፍኖተ ሰላም ዙሪያ ቤት ለቤት ሲዞር ነው። ጉልበቱ ሲደክም ከተማ ውስጥ የቱሪዝም ሥራ ወደሚሠራ ጽሕፈት ቤት አዛወሩት። እዚያም ሦስት ዓመት ወንበር ላይ ተቀመጠ። የሥራ ባልደረቦቹ «ወባው» ይሉታል፤ ክፋት የለውም፣ እሱም ይስቃል።

በ1999 ዓ.ም. ጥር ወር፣ ኃላፊው የሆነው ወጣት አስጠራው።

«ለሚሊኒየሙ እንግዶች ይመጣሉ ተብሏል። ወንዝ፣ ማሳና ተራራ አይተው በአንድ ቀን የሚመለሱበት የእግር መንገድ አቅዱልን። እርስዎ አገሩን ያውቁታል።»

ማታ ላቀው ጫማውን ቅባት ሲቀባ ሚስቱ ንግሥቴ አየችው። መንገዱን ዘጠኝ ጊዜ ሄደበት። ከከተማው ወጥቶ ወደ ላህ ወንዝ ይወርዳል፣ ዳር ዳሩን ይሄድና በመልካው ይሻገራል፣ በማሳዎቹ መሐል አልፎ አሞራ ገደል የሚሉት ኮረብታ ላይ ይወጣል፣ ከዚያ በገበያው መንገድ ይመለሳል። የእሱ እርምጃ ለእንግዳ ስለማይሆን አንድ ቀን ንግሥቴን ይዞ ሄደ። እሷ ኮረብታው ወገብ ላይ ስትደርስ ቆም አለች።

«ቆይ፣ ማን ሞቶ ነው?»

«ማንም አልሞተም። ለማየት ነው።»

«ለማየትማ ከደጃችንስ ይታይ የለ!»

ቢሆንም የእሷን እርምጃ ቆጠረ፤ በእሱ ሁለት ሰዓት የነበረው በእሷ ሦስት ሰዓት ከሩብ ወሰደ። ይህንም በደብተሩ ጻፈ።

ከመንገዱ ሁሉ ያስቸገረው አንድ ቦታ ብቻ ነበር። ከመልካው እንደወጡ የእሜቴ እማዋይሽና የገነነ ማሳዎች ጎን ለጎን ናቸው። በመሐላቸው ያለው ድንበር ሳይታረስ የቀረ ጠባብ ሣር ሲሆን፣ እሱም እሾህ በቅሎበታል፤ ዝናብ ከጣለ ውሃ ይተኛበታል። በእማዋይሽ በኩል ግን ከድንበሩ ስምንት እርምጃ ገባ ብሎ መሬቱ ከፍ ይላል፣ ይደርቃል። እማዋይሽ ባሏ የሞተባት ስልሳ ዓመት ያለፋት ሴት ናት። በድንበሩና በዚያ ከፍታ መሐል ያለውን ቁራጭ አታርሰውም፤ ሁለት በሬዎቿንና አንዲት ላሟን ወደ ወንዝ የምታወርደው በእሱ ነው። ሌላ መውረጃ የላትም።

ላቀው የእንግዶቹን ጫማ አሰበና በከፍታው ላይ እንዲያልፉ ፈለገ። ሄዶም ጠየቃት።

«እሜቴ፣ በማሳዎ ጠርዝ ሰው ቢያልፍ ይከፉብኛል?»

«ይለፍ ጌታው። እግር መሬት አይበላ።»

በየመቶው እርምጃ ነጭ ቀለም የተቀባ ድንጋይ ተከለ። በእሷ ማሳ ላይ ሦስት ድንጋይ አረፈ፤ አንዱን ራሷ ከእርሻዋ ለቅማ አቀበለችው። ከዚያ ንድፉን በጥሩ ወረቀት ላይ ሣለ። መስመሩን አሰመረ፣ ድንጋዮቹን በነጥብ አመለከተ። እንግዶቹን የሚመራው ሰው የማን ውሻ ከየት እንደሚወጣ እንዲያውቅ ብሎ፣ ከመስመሩ ግራና ቀኝ የባለማሳዎቹን ስም ጻፈ። በግራ እማዋይሽ፣ በቀኝ ገነነ። ፈረመ፤ ኃላፊው ማኅተም አደረገበት፤ አንድ ቅጂ ለቀበሌው ተሰጠ።

ሰኔ ላይ መንገዱ በዝናብ እንዴት እንደሆነ ለማየት ተመለሰ። መልካውን ተሻግሮ ቀና ሲል ድንበሩን አጣው። ገነነ ሣሩንም እሾሁንም የእማዋይሽንም የከብት መውረጃ ገልብጦ እስከ ነጮቹ ድንጋዮች ድረስ አርሶታል። በቆሎው በቅሏል። ገነነ ሞፈሩን ትከሻው ላይ አድርጎ መጣና እጅ ነሣ።

«እንደምን ከረሙ ጌታው! መንግሥት በተከለልን ድንጋይ ልክ አረስን።»

«ገነነ፣ ይሄ እኮ ወሰን አይደለም። የሰው መሄጃ ነው።»

«የማን ሰው?»

«የእንግዳ። ለሽርሽር የሚመጣ።»

ገነነ ከት ብሎ ሳቀ። «ለሽርሽር! በእግሩ! ገደል ሊወጣ! አይ ጌታው፣ እኔ ደግሞ የበግ ግልገል አይደለሁም። በሰማንያ ዘጠኙ የመሬት ሽግሽግም ገመድ ይዘው የመጡት ‹ዝም ብለን እያየን ነው› ነበር ያሉን።»

ላቀው ፊቱን አተኩሮ አየ። ሰውየው የዋሸ አይመስልም፤ ያመነ ይመስላል። ወይም የሚጠቅመውን አምኗል።

እማዋይሽ ቀበሌው ዘንድ ከስሳ ኖሯል። የመሬት ኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ እጅጉ ላቀውን በወግ ተቀበለው፤ አስቀመጠው፤ የእማዋይሽን አረንጓዴ የይዞታ ደብተርም አሳየው። ደብተሩ ላይ ሦስት ጥማድ መሬት እንዳላት፣ በምሥራቅ ገነነ እንደሚያዋስናት ተጽፏል። ወሰኑ በየት በየት እንደሚያልፍ ግን የሚያሳይ ሥዕል የለውም። በቀበሌው ሁሉ ያንን ቦታ የሚያሳይ ሥዕል አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ላቀው የሣለው ነው።

«እኔ እርስዎን አምናለሁ፣ አያ ላቀው» አለ እጅጉ። «ነገር ግን ማመኔ ማኅተም የለውም። ድንጋዩ ለእግር መንገድ ነው የሚል ደብዳቤ ከመሥሪያ ቤትዎ ያምጡልኝና አንድ ቀን አላሳድረውም።»

ላቀው በማግስቱ ጠዋት በኃላፊው በር ላይ ቆመ። ኃላፊው ስብሰባ ነበረው፤ በሦስተኛው ቀን አገኘው።

«የእግር ጉዞው እኮ ቀርቷል። እንግዶቹ በመኪና እንዲያልፉ ተወስኗል። አልነገሩዎትም?»

«አልነገሩኝም። ቢቀርም ዕቅዱ ስለነበረ፣ ነበረ ብለው ይጻፉልኝ።»

«በዓመቱ ዕቅድ ውስጥ አልገባም እኮ። የሌለ ዕቅድ ነበረ ብዬ ልፈርም? ነገ እኔን ቢጠይቁኝስ?»

«ማኅተሙን እርስዎ ነዎት ያደረጉት።»

ኃላፊው ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ አስተካክሎ አስቀመጠ። «በቃል የታዘዘ ሥራ ብዙ ነው፣ አያ ላቀው» አለ ዝግ ብሎ። ላቀው ሁለት ጊዜ ደግሞ ሄደ። ሁለተኛው ላይ ኃላፊው ገና ከሩቅ ሲያየው ስልክ አነሳ።

ኮሚቴው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ዋርካው ሥር ተቀመጠ። እማዋይሽ ነጠላዋን አደግድጋ በአንድ በኩል፣ ገነነ በሌላ በኩል ቆሙ። ላቀው የመንገዱን ነገር ከጥር ጀምሮ ሊያስረዳ ተዘጋጅቶ ነበር፤ እጅጉ የጠየቀው ግን ሌላ ነው።

«ይህ ፊርማ የእርስዎ ነው?»

«የእኔ ነው፤ ነገር ግን —»

«እንደርስበታለን። ድንጋዮቹን የተከሉት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ።»

«ሲተክሉ እሜቴ እማዋይሽ ነበሩ?»

«ነበሩ።»

«ተቃወሙ?»

ላቀው ወደ እማዋይሽ አየ። እሷም አየችው። አዎ፣ ተቃውመው ነበር ቢል ድንጋዩ ወሰን ከመሆን ይቀር ነበር። እሱ አፉን ሳይከፍት ግን እሷ ቀደመችው።

«አልተቃወምኩም። አንዱን ድንጋይ እኔው ነኝ ያቀበልኳቸው። በሰንበት ውሸት አልገዛም።»

«የደብዳቤውስ ነገር፣ አያ ላቀው?»

«አልተሰጠኝም።»

ዋርካው ሥር የተቀመጠ አንድ ሰው «ሽርሽር!» አለና ሳቅ አመለጠው፤ ሌሎቹም ተከተሉት። እጅጉ አልሳቀም። ማኅተም ያለው ወረቀት በሌላ ወረቀት እስኪሻር ድረስ ድንጋዮቹ ወሰን ሆነው እንዲቆዩ ተወሰነ። ላቀው ድንጋዮቹን እኔው ልንቀላቸው አለ። የተተከለ ወሰን የነቀለ እንደሚከሰስ በትሕትና ነገሩት።

እማዋይሽ ወደ ቤቷ ስትሄድ ከኋላዋ ተከተለ። ትራገመኛለች ብሎ ነበር፤ እሷ ግን ሌላ ነገር ጠየቀችው።

«እርስዎ መንገድ ያውቃሉ ይላሉ። ከብቶቼን እንግዲህ በየት ላውርድ?»

ላቀው ቆሞ አሰበ። በምዕራብ ገደል ነው። በታች በኩል የሰው በቆሎ ነው፤ እስከ ኅዳር አያሳልፍም። የቀረው በኮረብታው ትከሻ ዞሮ በላይኛው መልካ መውረድ ነው።

«በላይኛው መልካ» አላት። «በእርስዎ እርምጃ፣ ደርሶ ለመመለስ ሦስት ሰዓት።»

«በየቀኑ?»

«በየቀኑ፣ እሜቴ።»

ሰኞ ሥራ አልገባም። ገና ሲነጋ ደጇ ተገኝቶ ከብቶቹን ከእሷ ጋር ነዳ። በሬዎቹ ዝም ብለው ሄዱ። ላሚቱ ግን ከማሳው ጫፍ ስትደርስ እንደለመደችው ወደ ታች፣ ወደ ገነነ በቆሎ ታጠፈች። እማዋይሽ እጇን አላነሳችም። ላቀው ላሚቱን ቀድሞ ዞረና በትሩን ዘርግቶ ፊት ለፊቷ ቆመ። ላሚቱ ውሃውን በእሱ ትከሻ ላይ አሻግራ እያየች ብዙ ቆየች። በመጨረሻ ላቀው በትሩን አሳረፈባት፤ ወደ ኮረብታውም መለሳት።