ዓይን የሸፈነው ርዕስ

ጂቱ ኤጄታ ከአምቦ መናኸሪያ ፊት ለፊት ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ የሠርግ ካርድ፣ የምርቃት ባነርና የሱቅ ማስታወቂያ እየሠራች የምትኖር ሴት ናት። ከጊንጪ እስከ ጉደር በመንገድ ዳር ከተሰቀሉት ጽሑፎች ብዙዎቹ የእሷ ናቸው። ሰው ግን ማስታወቂያ ሲያይ ስለ ጫማው ወይም ስለ ሆቴሉ እንጂ ስለ ሠራው እጅ አያስብም። ይህንን ጂቱ ለምዳዋለች። ያልለመደችው ሃዊን ነው።

ሃዊና ጂቱ ከልጅነታቸው ጀምሮ በአንድ ዴስክ የተማሩ ናቸው። ያኔ ጎበዝ ሠዓሊ የምትባለው ጂቱ ነበረች። የሳይንስ መምህሩ የልብን ሥዕል ሰሌዳ ላይ እንድትስል የሚጠሯት እሷን ነው። አፍንጫ በመስመር ሳይሆን በጥላ እንደሚወጣ ለሃዊ ያሳየቻትም እሷ ናት። አሥረኛ ክፍልን በጨረሱበት ዓመት ግን የጂቱ አባት ኦቦ ኤጄታ አረፉና እሷ ፎቶ ቤት ተቀጠረች፤ ሃዊ ሥዕል ልትማር አዲስ አበባ ሄደች። ትምህርቱን እንኳ አልጨረሰችውም። ሆኖም ፀጉሯን አሳጥራ፣ ትልቅ ቦርሳ አንጠልጥላ ስትመለስ ከተማው «ሠዓሊዋ መጣች» ብሎ ተቀበላት። ጂቱም አቅፋ ሳመቻት። ፊቷ ይስቃል፣ አንጀቷ ያራል።

በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ የጎረቤቷ የአዴ አስካለች ልጅ ገመቺስ ወደ ሱቋ መጣ። ገመቺስ አዲስ አበባ ውስጥ ጊታር የሚጫወት ልጅ ነው። ከጓደኞቹ ጋር «ነጎድጓድ» የሚባል የሮክ ሙዚቃ መጽሔት ሊያወጡ መሆኑን ነገራት። የመጀመሪያው እትም የፊት ሽፋን ላይ የባንዳቸው ድራም መቺ፣ የባኮ ልጅ የሆነች ሴት፣ እንድትወጣ ይፈልጋሉ። ሽፋኑን የሚሠራላቸው ያገሩ ሰው እንዲሆን ፈልጎ ወደ ጂቱ መምጣቱን ሲነግራት፣ እሷ እጇ ላይ የነበረውን የሙት ዓመት ባነር ትታ ወንበር አቀረበችለት።

ሮክ ሰምታ አታውቅም። ገመቺስ ስልኳ ላይ የጫነላትን ሙዚቃ ሥራ እየሠራች መስማት ጀመረች። መጀመሪያ ጆሮዋን አመማት፤ እየቆየ ሲሄድ ግን ደስ አላት። ሰው ሳይሰደብና ሳይመታ እንዲህ መጮህ ከተቻለማ ጥሩ ነው ብላ አሰበች። ከዚያ እሳት የሚተፋ ጊታር ሠራች፣ መብረቅ ጨመረች፣ የድራም መቺዋን ፎቶ ቆርጣ መሐል ላይ አቆመች። መብረቁን ስታነሳ፣ መልሳ ስትከት ስንት ጊዜ እንደሠራችው እሷም አታውቅም።

ገመቺስ ሊያይ በመጣ ቀን ሃዊ እዚያው ሱቅ ውስጥ ሻይ እየጠጣች ነበር። ገመቺስ ኮምፒውተሩን ትኩር ብሎ አየና «ቆንጆ ነው» አለ። ጂቱ የሰው ልጅ «ቆንጆ ነው» የሚለው መቼ እንደሆነ ከደንበኞቿ አሳምራ ተምራለች፤ ሥራዋ እንዳልተወደደ ገባት። ሃዊ የድራም መቺዋን ፎቶ ከገመቺስ ስልክ ላይ አየት አድርጋ፣ የተበላሸ የሠርግ ካርድ ከወለሉ ላይ አነሳችና ከጀርባው መሳል ጀመረች። ሻይዋ ሳይቀዘቅዝ አንድ ፊት ተሳለ። አፉ ተከፍቷል፣ ላብ በጉንጩ ይወርዳል፣ ዓይኖቹ ደግሞ የሚያየውን ሰው አፍጠው ያያሉ።

ገመቺስ ካርዱን በሁለት እጁ ይዞ ወደ ዓይኑ አቀረበው። ከዚያ «ይኸው፣ ይሄ ነው» አለ። ወደ ጂቱም ዞሮ፣ «አንቺ ፊደሉን ሥሪልን። ርዕሱን እንደፈለግሽ አድርጊው» አላት።

ጂቱ በሁለቱ መካከል ተቀምጣ «እሺ» አለች። ካርዱ ላይ የተሳለው ፊት አፍንጫ በጥላ የወጣ ነበር። ያንን ማንም አላየም፣ ሃዊም ራሷ አላስታወሰችውም።

በማግሥቱ ሃዊ የአንድ ሎጅ ግድግዳ ልትስል ወንጪ ሄደች። ጂቱ ሥዕሉን ስካን አድርጋ ኮምፒውተሩ ላይ ከፈተችው። ሲጎላ ዓይኖቹ የባሰ አፈጠጡባት። ሽፋን ሠሪ ሁሉ እንደሚያደርገው ርዕሱን ከላይ፣ ግንባሩ ላይ አስቀመጠችው፤ ልክ ነበር፣ ያምራልም። ያ ሁሉ ሰው ይህን ሥዕል ሊያይ፣ «ማን ሠራው?» ሊል መሆኑ ትዝ ሲላት ግን ርዕሱን ከግንባሩ ላይ አነሳችው። ፊደሎቹን አወፈረቻቸው። ጥቁር አደረገቻቸው። ከዚያ «ነጎድጓድ» የሚለውን ቃል ከዳር እስከ ዳር ዘርግታ ልክ በዓይኖቹ ላይ አጋደመችው። የቀረው የተከፈተው አፍና ላቡ ብቻ ነው። ርዕስ መነበብ አለበት ብላ ለራሷ ነገረችና ዘጋችው።

በዚያ ሰሞን ኢንተርኔት ተቋርጦ ስለነበር ሥራው በፍላሽ ተደርጎ በሚኒባስ ሹፌር እጅ አዲስ አበባ ሄደ። ጊዜው የተጣበበባቸው ልጆች በቀጥታ ማተሚያ ቤት አስገቡት። ጂቱ ያንን ሳምንት በፍርሃትና በደስታ መካከል አሳለፈች። ሥዕሉ መበላሸቱን ስታስብ ትረጋጋለች፤ ገመቺስ ሲደውል ምን እንደምትለው ስታስብ ምግብ አይወርድላትም።

ገመቺስም ደወለ። ድምፁ ደረቅ ያለ ነበር።

«ጂቱ፣ ዓይኖቹን በርዕሱ የመሸፈኑ ሐሳብ የማን ነው?»

«የሃዊ» አለች ጂቱ፣ ሳታስበው። «እሷ ናት እንዲህ አድርጊው ያለችኝ።»

«ገምቼ ነበር» አለና ሳቀ። መጽሔቱን ያየ ሁሉ ቆሞ እንደሚያይ፣ ዓይን ሳይኖር ጩኸቱ ብቻ መቅረቱ ሰውን እንዳስደነገጠ፣ አንድ የማስታወቂያ ድርጅት ሠዓሊዋን እንደጠየቀ ነገራት። ለፊደሉ ሥራም አመሰገናት።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። «የኔ ነው» ብትል ለምን «የሃዊ» እንዳለች ልትጠየቅ ነው፤ ለምን እንደሸፈነችውም ልትናገር ነው። ስልኩን ይዛ «ደስ ይላል» ብላ ዘጋች። በገዛ እጇ ልታጠፋ የተነሳችውን ነገር በገዛ እጇ አሳምራ፣ በገዛ አፏ ለሌላ ሰጠችው።

ሃዊ ከወንጪ እንደተመለሰች መጽሔቱን ይዛ መጣች። አልተቀመጠችም።

«እኔ የሳልኩት ዓይኖቿን ነው» አለች። «ሌላውን ማንም ይስለዋል።»

ጂቱ መቀስ አንስታ ካርድ መከርከም ጀመረች። «ርዕሱ እንዲነበብ ብዬ ነው።»

«ይነበባል። ገመቺስ ግን ሐሳቡ የእኔ መሆኑን አንቺ እንደነገርሽው ነገረኝ። ለምን እንዲህ አልሽው?»

ጂቱ መከርከሟን ቀጠለች። ሃዊ መጽሔቱን ይዛ ወጣች። የማስታወቂያ ድርጅቱ ሲጠራት ግን ሐሳቡ የእኔ አይደለም አላለችም፤ አዲስ አበባ ሄደች። ተከታዮቹን የ«ነጎድጓድ» ሽፋኖችም የሠራችው እሷ ናት። በአንደኛው ርዕሱ የጊታሪስቱን እጅ ይሸፍናል፣ በሌላው ማይክራፎኑን። «የሃዊ ስልት» ይሉት ጀመር። ጂቱ እያንዳንዱን እትም ታስገዛና ሱቋን ከዘጋች በኋላ ታየዋለች። በሰው ነገር መቅናትን ታውቀዋለች፤ በራሷ ነገር መቅናት ግን ሌላ ነው፣ ማንም አያጽናናትም።

አንዴ በሠርግ ካርድ ላይ ሞክራ የሙሽራውን ዓይን በስሙ ሸፈነችው። የሙሽራው እናት፣ አዴ ዓለሚቱ የሚባሉ ቁጡ ሴት፣ ልጃቸው ዕውር ነው ወይ ብለው ካርዱን መለሱላት። በሌላ ጊዜ ደግሞ ጉደር ላይ ሙዚቃ ቤት የከፈተ ሰው መጥቶ «እንደ ሃዊ አድርገሽ ሥሪልኝ» አላት። ሠራችለት። አሳምራ ነው የሠራችለት።

ያንን ማስታወቂያ ሃዊ ዘመድ ልትጠይቅ በዚያ ስታልፍ ከመኪና ላይ አይታው ኖሮ ደወለች። ለብዙ ጊዜ አልተነጋገሩም ነበር። በኦሮምኛ ሰላምታ ጀምራ ቤተሰቡን ጠየቀችና ወደ ነገሯ ገባች።

«እንዳንቺ ፊደል የሚያስቀምጥ ሰው እዚህ አጣሁ። ለሚቀጥለው ሽፋን አብረሽኝ ሥሪ፤ ስምሽ ይጻፋል።»

ጂቱ ልቧ ዘለለ። አፏ ግን «የቤተ ክርስቲያን ባነር ይዣለሁ፣ አይመቸኝም» አለ። ሃዊ አልለመነቻትም። ቀኑን ሙሉ ጂቱ እጇ ሥራ አልያዘም። በማግሥቱ ራሷ ደውላ ጊዜ እንዳገኘች ነገረቻት።

«ውይ፣ ሰው አገኘሁ እኮ» አለች ሃዊ። «ሚስጥር የምትባል ልጅ ናት፤ ትናንት ጀመረች።»

ያ እትም ሲወጣ ጂቱ ከመናኸሪያው አስመጥታ በቆመችበት ከፈተችው። ሥዕሉ እንደ ወትሮው ውብ ነበር። ፊደሎቹ ግን ቀጫጭን ናቸው፣ «ጓ» ወደ ጎን አዘንብላለች፣ በቃሉ መሐል ያለው ክፍተትም አልተመጣጠነም። ደጋግማ አየችው። ከዚያ ሱቋን ዘግታ ማዶ ያለው ምግብ ቤት ገባችና ጥብስ አዘዘች፤ ከብዙ ጊዜ በኋላ ምሳ ጣፈጣት።