መቶ አሥራ ሦስተኛው ቁልፍ

በአውቶቡስ ጋራዡ ግምጃ ቤት የሚሠራውን ሰው እናትና አባቱ ባወጡለት ስም የሚጠራው የለም። «ትንሽቀረው» ነው የሚሉት። ስሙን ያወጣችለት የገዛ እህቱ ናት፤ መካኒኮቹ አንድ ቀን ሰምተው ወደዱት፣ በዚያው ጸደቀ። ቢሉት ቢሉት አይበዛበትም። «ያ የጀመርከው ነገር የት ደረሰ?» ሲባል መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ትንሽ ቀረኝ።»

ሥራው የፍሬን ሸራና ኩሽኔታ አውጥቶ መስጠት ነው። መካኒኩ በመስኮቱ አንገቱን ያስገባል፣ የሚፈልገውን ይናገራል፣ ትንሽቀረው ከመደርደሪያው ያወጣና በካርድ ላይ ይጽፋል። ይሄ መተዳደሪያው ነው፤ ልቡ ያለው ግን ሌላ ቦታ ነው። ማንም ሳያስተምረው፣ ከኢንተርኔት እየቃረመ ፕሮግራም መጻፍ ተምሯል። ጠዋት ከሥራ በፊት አንድ ሰዓት ይጽፋል፤ ምሳ ሰዓት ላይ በአንድ እጁ ዳቦ ይዞ በሌላው ይጽፋል፤ እሁድማ ቀኑን ሙሉ ነው። ኮምፒዩተሩ ውስጥ ሠላሳ አንድ ፎልደር አለ። አንዱ የጠፋ መለዋወጫ የት መደርደሪያ ላይ እንዳለ የሚፈልግ ነው። አንዱ ቼዝ ነው፣ ፈረሱ አልዘል ብሎ ተተወ። አንዱ ዝናብ የዘነበበትን ቀን ይመዘግባል፤ ሦስት ቀን መዝግቦ ቆሟል። ሠላሳ አንዱም ተጀምረዋል፣ የተጨረሰ ግን የለም። አመሉ ነዋ! ሊጨርስ ሲል የተሻለ አጻጻፍ ይታየውና አፍርሶ ከዜሮ ይጀምራል።

ዓመት ፈቃዱም በዚሁ ነበር የሚያልቀው። ሙቀቱ ሲበረታ እህቱ ሐይቅ ዳር ካለው ቤቷ ትጠራዋለች፤ ይሄዳል። ልጆቿ ውሃ ውስጥ ሲንቦጫረቁ እሱ መጋረጃ ዘግቶ ስክሪኑ ላይ ያፈጣል። ሲመለስ መካኒኮቹ «ሐይቅ ነበርኩ ትላለህ፣ ፊትህ ግን ከምድር ቤት የወጣህ ይመስላል» ብለው ይስቁበታል። ዕድሜው አርባ ሁለት ነው፣ ሚስት የለው፣ ልጅ የለው። ደስተኛ ነበር ብዬ አልዋሽም። ሰላም ግን ነበረው።

ታዲያ አንድ ዓመት የአባቱ ድምፅ መሻከር ጀመረ።

አባቱ ማለት እንግዲህ የመናኸሪያው ድምፅ ነበሩ። ሠላሳ አራት ዓመት ከድምፅ ማጉያው ጀርባ ተቀምጠው የትኛው አውቶቡስ በስንት ሰዓት፣ ከየትኛው በር እንደሚነሳ ሲያስታውቁ ኖረዋል። ጠዋት ጠዋት፣ የመጀመሪያው አውቶቡስ ከመነሳቱ በፊት፣ ማይክሮፎኑን በጣታቸው መታ መታ ያደርጉና «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ይሰማል?» ይላሉ። ቤታቸው ከመናኸሪያው አጥር ጀርባ ነው። እናት ከጓዳ ሆነው «ይሰማል!» ብለው ይመልሳሉ። አባት መልሱን ከዚያ ሆነው መስማት አይችሉም፤ እንደሚመለስላቸው ግን ያውቃሉ። ጡረታ ከወጡም በኋላ ጠዋት ዓይናቸውን ሲገልጡ «ይሰማል?» ማለትን አልተዉም፣ እናትም «ይሰማል» ማለትን አልተዉም።

የእናት ዓይን ከጠፋ ሰባት ዓመት ሆኖታል። ከዚያ ወዲህ ባል ማለት ለሳቸው ድምፅ ነው። ደረጃው የቱ ጋ እንዳለ፣ ሻዩ መቅረቡን፣ ሰማዩ መጥቆሩን የሚነግራቸው ያ ድምፅ ነው።

ሐኪሙ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ነገሩን ግን አላድበሰበሰም። ማንቁርታቸው ላይ ዕጢ አለ። ማንቁርቱ እንዳለ ይወጣል። ቀጠሮው ከአምስት ሳምንት በኋላ ነው። «በአንገትዎ ላይ በሚከፈት ቀዳዳ ይተነፍሳሉ» አላቸው። «ድምፅ ግን አይኖርዎትም።»

አባትና ልጅ በታክሲ ተመለሱ። በሩ ላይ ሲደርሱ አባት የልጃቸውን ክንድ ያዙ።

«እኔ ለመጻፉ እጽፋለሁ» አሉ በዚያ በሻከረ ድምፃቸው። «እናትህ ግን አታነበውም። ያ ኮምፒዩተርህ ድምፅ ይይዝ የለም እንዴ? ሳይወስዱብኝ ያዝልኝ። እኔ ስጫነው በኔው ድምፅ ያናግራት።»

ትንሽቀረው እንባው መጣ። አባቱ ከዚያ ኮምፒዩተር አንድም ነገር ፈልገው አያውቁም ነበር።

«እሠራልሃለሁ አባዬ» አለ። «ማንም ሠርቶት የማያውቀውን ነው የምሠራልህ።»

ጉዱም ከዚችው ቃል ጀመረ።

የሦስት ሳምንት ፈቃድ ሞላና ኮምፒዩተሩን ተሸክሞ ወላጆቹ ቤት ገባ። አባት ደብተር ገዝተው ጠበቁት። መቶ አሥራ ሁለት ነገር በቁጥር ጽፈዋል። «ውሃ ስጪኝ»፣ «ደረጃ አለ፣ ቀስ»፣ «እኔ ነኝ፣ አትደንግጪ»፣ «ዛሬ ደመና ነው»፣ «ጨው አንሶታል»። «ኤዲያ፣ አንቺ ደግሞ አበዛሽው!» የምትል የጠብ ቃል እንኳ አልቀረችም፤ ለካ ሰው ጠቡንም ይናፍቃል። መቶ አሥራ ሦስተኛዋ ግን ለብቻዋ በመጨረሻው ገጽ ላይ ናት። ገጹን አጥፈው በስፒል አያይዘውታል።

«ይህችን የምቀዳ ዕለት አንተ ከክፍሉ ትወጣለህ» አሉት።

«የምትጫናት ቁልፍ ላይ ምን ብዬ ልጻፍ?»

«ምንም። ባዶ ተዋት።»

ማይክሮፎን ተገዛ። አባት መስኮቱ አጠገብ ተቀመጡ። እናት ያን ሰዓት ጎረቤት ቤት ነበሩ። ትንሽቀረው ማሽኑን ከፈተና «እስቲ የሆነ ነገር በል አባዬ፣ ለሙከራ ነው» አለ። አባት ፈገግ አሉ። ጀርባቸውን አቀኑ፣ ማይክሮፎኑን መታ መታ አደረጉና ያቺኑ የጠዋቷን አሉ። ከዚያ ደብተሩን ገልጠው ወደ አንደኛዋ ሊገቡ ሲሉ ልጅ እጁን አነሳ።

«ቆይ አባዬ፣ ትንሽ ቀረኝ።»

ምን ቀረው? ፍሪጁ ነዋ! እምምም የሚል ድምፁ ገብቶበት ነበር። «ይሄን የሚያጠራ ነገር ልጻፍለት፣ ቢፈጅብኝ ሁለት ቀን ነው» አለ። ወይ ጉድ! ፍሪጁን ከሶኬቱ መንቀል ይቻል ነበር እኮ። ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው ግን እንዲህ አያስብም፤ ቀላሉ ነገር ይቀፈዋል። ሁለቱ ቀን ሳምንት ሆነ። ቀጥሎ የቁልፎቹ ቀለም መጣ። ቀጥሎ የአባቱ ጣት ወፍራም ስለሆነ የቁልፎቹ ስፋት መጣ። ቀጥሎ ለአባቱ ባሰበው አሮጌ ታብሌት ላይ ሲከፍተው ዘገየበት፣ አፈረሰውና ከዜሮ ጻፈው። እየሠራ ያፏጭ ነበር። እውነቱን ለመናገር በዚያ ቤት፣ በዚያ ክፉ ወር ውስጥ፣ ደስ ያለው ሰው ቢኖር እሱ ብቻ ነበር። ኋላ ላይ ከሁሉ በላይ ያንገበገበውም ይሄው ነው።

እህቱ በየቀኑ ትደውላለች።

«ተቀዳ?»

«ትንሽ ቀረኝ።»

«አንተ ሰውዬ፣ በስልክህ ቅዳውና ገላግለን! ማሳመሩን ኋላ ታሳምረዋለህ።»

«አይሆንም እቴ። አባዬ ሃያ ደቂቃ ካወራ ጉሮሮው ይታመማል። ሁለት ጊዜ ላለፋው አልፈልግም፤ አንዴ፣ በደንብ አድርገን ነው የምንቀዳው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።»

«ተረትህን እዚያው!» ብላ ዘጋችበት።

አባት ግን አንድም ቀን አልነዘነዙትም። በየጠዋቱ ደብተሩን ይዘው መጥተው በሩ ላይ ይቆማሉ፤ ፀጉራቸውን አበጥረው፣ ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው፣ ፎቶ እንደሚነሳ ሰው። ልጅ ከስክሪኑ ቀና ሳይል «ቆይ አባዬ» ይላል። «እሺ፣ ሥራህን ሥራ» ይሉና ይመለሳሉ። እናትም በበኩላቸው «ተወው እንጂ፣ ለኛው ነው የሚለፋው» ይላሉ። የአባት ድምፅ በየቀኑ እየቀጠነ ሄደ። ሁሉም ሰምቶታል፣ ትንሽቀረውም ሰምቶታል፤ ብቻ ቀጠሮው ገና ሁለት ሳምንት ይቀረዋል ብሎ ራሱን ያጽናና ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት ዓርብ ከሰዓት በኋላ ከክፍሉ እየሮጠ ወጣ። «አለቀ! አባዬ፣ በስንት ጊዜዬ አለቀ! ነገ አንዴ ልፈትሸውና እሁድ እንቀዳለን!» አለ። አባት ሳቁ፤ ሳቃቸው ፊሽ የሚል ትንፋሽ ብቻ ነበር። ያኑ ዕለት ማምሻውን ፀጉራቸውን ተቆረጡ።

ቅዳሜ ጠዋት ፊታቸውን እየታጠቡ ሳለ ትንፋሽ አጠራቸው። ዕጢው አብጦ መተንፈሻቸውን ዘግቶት ኖሯል። ቀድመው ያወቁት እናት ናቸው። «አተነፋፈሱ ልክ አይደለም! ኧረ አንተ ልጅ፣ አባትህን!» ብለው ጮኹ። አምቡላንስ መጣ። ድንገተኛ ክፍል ውስጥ አንገታቸውን ቀደው ቱቦ አስገቡላቸው። ሐኪሙ ከዚህ ወዲያ መጠበቅ የለም አለ፤ ማክሰኞ ማንቁርቱ ወጣ። በመሃል በነበሩት ሦስት ቀናት በቱቦው ምክንያት አንዲት ቃል ከአፋቸው አልወጣችም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ቤት ገቡ። እህትም ከሐይቅ ዳር መጥታ ነበር። አባት አልጋቸው ላይ ተደግፈው ለልጃቸው በእጃቸው ምልክት ሰጡ፤ አምጣው ማለታቸው ነው። ታብሌቱን አመጣላቸው። አይ፣ ሐቁን እንናገር ከተባለ ያማረ ነገር ነበር። መቶ አሥራ ሁለት ትልልቅ ቁልፎች፣ በመጨረሻ ደግሞ ስም የሌላት አንዲት። አባት «ውሃ ስጪኝ» የምትለዋን ተጫኑ። ድምፅ የለም። ስክሪኑ ላይ ልጃቸው ራሱ በትሕትና የጻፋት መልእክት ብቅ አለች፤ «ይቅርታ፣ ድምፅ ገና አልተቀዳም።» ሌላ ተጫኑ። «ይቅርታ፣ ድምፅ ገና አልተቀዳም።»

«ምን አለ?» አሉ እናት፣ አልጋው ጠርዝ ላይ እንደተቀመጡ።

እህት ወንድሟን ልትሰድበው አፏን ከፍታ ነበር፤ ፊቱን ስታየው ተወችውና ጓዳ ገብታ አለቀሰች።

ያን ዕለት ከሰዓት ትንሽቀረው ደብተሩን ይዞ ተቀመጠና መቶ አሥራ ሁለቱንም በራሱ ድምፅ፣ በገዛ ስልኩ ቀዳቸው። ስንት ሰዓት ፈጀበት መሰላችሁ? አርባ ደቂቃ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሏል ይሄ ነው።

አባት ተጫኑ። «ውሃ ስጪኝ» አለ የልጅ ድምፅ። እናት ወደ በሩ ዞረው «ጠማህ እንዴ ልጄ?» አሉ። በማግስቱ «እኔ ነኝ፣ አትደንግጪ» ሲል ደነገጡ። ሳምንት ያህል ሞከሩት፤ ከዚያ እናት ልጃቸውን ጠርተው ጉልበቱን ዳበሱት።

«አትቀየመኝ» አሉት። «ይሄ ነገር ወንድ ልጄን ሁለት አድርጎ ባሌን ያጠፋብኝ ነው የሚመስለኝ።»

የታጠፈችው ገጽም አለች። «አባዬ፣ እሷን እኔ ላንብብላት?» አለ ትንሽቀረው። አባት ራሳቸውን ነቀነቁ። «እህቴስ?» አሁንም እንቢ። ደብተሩን ትራሳቸው ሥር ከተቱት።

ሌላ የተቀዳ ድምፅ የላቸውም ወይ ትሉ ይሆናል። ያልተፈለገበት የለም። የእህት ሠርግ ቪዲዮ ላይ ቆመው ሲናገሩ ይታያሉ፤ ሙዚቃው ውጧቸው አፋቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል። መናኸሪያውም በሠላሳ አራት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን አልቀዳቸውም። ለምን ይቀዳል? ነገ እኮ ይመጣሉ።

ፈቃዱ አልቆ ወደ ግምጃ ቤቱ ከተመለሰ ሁለት ወር ሆነው። መካኒኮቹ ነገሩን ሰምተዋልና በዚያ ቅጽል ስም መጥራቱን ትተውለታል፤ ይሄ ደግሞ ከስሙ በላይ ከበደው። ኮምፒዩተሩን ከከፈተ ሰንብቶ ነበር። አንድ እሁድ ጠዋት ወላጆቹ ቤት ተቀምጦ ያንን ፎልደር ሊያጠፋው ከፈተው፤ ውስጡ «ሙከራ» የሚል አንድ ፋይል አለ። አሥራ አንድ ሰከንድ ነው። ማዳመጫ ጆሮው ላይ አድርጎ ሰማው፤ ደግሞም ሰማው።

ለአባቱ ወስዶ አሰማቸው። በማዳመጫው ራሳቸውን ሲሰሙ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ ታብሌቱን ሳቡና ጣታቸውን ስም የሌላት ቁልፍ ላይ አኖሩ።

«እዚህ ላግባው? አባዬ፣ ይሄ እኮ ለሙከራ የተባለ ነው። ጫፉ ላይ ደግሞ የኔ ድምፅ ገብቶበታል። ቆይ ልቁረጠው፣ አንድ ደቂቃ ብቻ...»

አባት እጁን ያዙት። እርሳስ አነሱና ደብተሩ ጠርዝ ላይ ጻፉ፤ «ቆይ የለም። አሁን።»

እንዳለ አስገባው።

እናት መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው ፎጣ እያጠፉ ነበር። አባት ቀስ ብለው መጡና ፊት ለፊታቸው ተቀመጡ። ቁልፏን ተጫኑ።

«አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ይሰማል?»

የእናት እጅ ቆመ። ፎጣው ከጉልበታቸው ወደቀ።

«ይሰማል!» አሉ። «ኧረ ይሰማል፣ ይሰማል!»

ፊታቸውን ወደ ድምፁ አቅንተው ጠበቁ። ማሽኑም ቀጠለ፣ በልጃቸው ድምፅ፤ «ቆይ አባዬ፣ ትንሽ ቀረኝ።»

ከዚያ ጸጥ አለ። እናት ግን ገና እየጠበቁ ነበር።

«እሺ፣ ከዚያስ?» አሉ። «ከዚያ ምን አለኝ?»

ትንሽቀረው ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል።

«በቃ እማዬ» አለ። «ከዚያ የለም።»

አባት ቁልፏን እንደገና ተጫኑ።