ባለማሽላው አይምረውም ይላል

ጠርጣራ ሰው ነኝ። ቅቤ ስገዛ ሻጯ ከላይ ያሳየችኝን አላምንም፤ ከሥር አስቆፍሬ ነው የምቀምሰው። ድራማም የማየው እንደዚያው ነው። ገና ሲጀምር ደግ ሆኖ የገባ ሰው ካለ፣ ይሄ ደግሞ ምን ሊያመጣ ነው እላለሁ። ስለዚህ ስለ ድራማ የሚከራከሩ ሰዎች የተሰበሰቡበት የቴሌግራም ቡድን ሳገኝ ዘመዶቼን ያገኘሁ መሰለኝ።

በዚያ ሰሞን የምናየው በአማርኛ የተተረጎመ ተከታታይ ነበር። አንድ ገበሬ በጠብ መሀል ሳያስበው ሰው ይገድላል። ሽማግሌ ገብቶ ይታረቃሉ፤ ከዚያ በኋላ የሟች ወንድም ገዳዩን ቤቱ እየጠራ ያበላዋል። ቡድናችንን ሌት ተቀን የሚያናክሰው ጥያቄ አንድ ነበር። ሰውየው ከልቡ ምሮታል ወይስ ቀን እየጠበቀለት ነው?

እኔ፣ ያቺ ቅቤ አስቆፋሪ፣ ምሮታል ባይ ነበርኩ። ምክንያት ነበረኝ። ታናሽ ወንድሜ በጎርፍ ተራ ተጣልቶ በዱላ የመታው ሰው ሞቶበታል። ክረምት ከተራራው የሚወርደውን ጎርፍ ወደ ማሳ መጥለፍ ለኛ ለቆላዎቹ የእህል ጉዳይ ነው፤ አንድ ሰው ተራውን ካለፈ ማሽላው ደረቀ ማለት ነው። ወንድሜ ታስሮ ወጣ። እስላም ክርስቲያኑ ሽማግሌ ተሰብስቦ አስታረቀን። የሟች ቤተሰቦች ከዋጃ አጠገብ ካለው ቀያቸው መጥተው ከኛ ጋር ከአንድ ትሪ በሉ፤ ደሙ ደርቋል ተባለ። እኔም አመንኩ፤ ማመን ስለሚሻለኝ አመንኩ። አሁን ወንድሜ እዚሁ ቆቦ ባጃጅ ይነዳል፣ የሚኖረውም እኔው ጋ ነው።

ቡድኑ ውስጥ ማንም በስሙ አይገባም። እኔ የአበባ ሥዕል ለጥፌ ነው የምጽፈው። ከሁሉ ይበልጥ የሚሟገተኝ የማሽላ ዛላ የለጠፈ ሰው ነበር። ባለማሽላው የሚያመልጠው ነገር የለም።

«ካሜራው ቢላዋው ላይ ሁለቴ ቆመ። ደራሲው በከንቱ አያሳየንም» ይላል።

«ሥጋ ሊቆርጥበት ነዋ» እላለሁ።

«ሥጋውማ ተቆርጦ ቀርቧል።»

ሰው ሁሉ ይስቃል። እኔ ተመልሼ ክፍሉን አያለሁ፤ እውነትም ሥጋው ተቆርጦ ቀርቧል። የክርክሩ ማሳረጊያ ግን ሁልጊዜ ያው ነበር፤ አይምረውም። እኔም ሁልጊዜ፤ ምሮታል።

አንድ ቀን ከሰዓት የድራማው ድጋሚ እየታየ መሀል ላይ ቆቦ መብራት ጠፋ። ባለማሽላው ወዲያው «እዚህ ቆላው መብራት ሄደብን፤ የቀረውን ንገሩኝ» ብሎ ጻፈ። ክው አልኩ። አጠገቤ ያለ ሰው ነው!

የጻፈውን ሁሉ ወደ ኋላ ሄጄ እንደ አዲስ አነበብኩት። ስለ ድራማ ያወራ ሲመስለኝ የነበረው ሁሉ ዛቻ ሆነብኝ። ከኛ ጋር የታረቀው የሟች ታናሽ ወንድም ነው አልኩ፤ ሌላ ማን ሊሆን? በገበያ ቀን መናኸሪያው አጠገብ አገኘሁት፤ ስልኩ ላይ አቀርቅሮ ይስቃል። ቀና ሲል አየኝ፣ ሰላም አለኝ፣ የቤቱን ደኅንነት ጠየቀኝ። ከዚያ ወንድሜን ለብቻው ጠየቀ። ለምን ለብቻው? አልሐምዱሊላህ ደህና ነው ብዬ ፈጠን ፈጠን እያልኩ ሄድኩ።

ቤት ስገባ ወንድሜን በገበያ ቀን መናኸሪያ አካባቢ እንዳትሠራ አልኩት። ምን ሆነሽ ነው ሲለኝ ትራፊኩ በዝቷል አልኩ። ክርክሩንም ተውኩት። ምሮታል ባልኩ ቁጥር ያንን ሰው እልህ የማስገባው መሰለኝ። ሳምንት ሙሉ ሰው የጻፈውን ከማንበብ በቀር አንዲት ቃል አልጻፍኩም።

ከዚያ የሠርጉ ክፍል መጣ። የሟች ቤተሰቦች ልጃቸውን ሲድሩ ገዳዩን ጠሩት። ወንድሜ እንደ ልማዱ «ይሄ ያንቺ ለቅሶ ዛሬም አለ?» ብሎ አሾፈብኝና ስልኩን ይዞ ተቀመጠ። ድራማ የሚባል ነገር አላይም ባይ ነው። ገና ከማለቁ ባለማሽላው ጻፈ።

«አቀማመጡን አያችሁ? ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ በሩን እያየ ነው የሚበላው። ከእስር ከወጣ ጀምሮ እንደዚያ ነው።»

አንዱ ቀበል አድርጎ «ሰውየው ደግሞ መቼ ታሰረ?» አለው። እውነት ነው፤ ድራማው ውስጥ የታሰረ ሰው የለም። ባለማሽላው ጽሑፉን አጠፋው።

ቀና አልኩ። ወንድሜ ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቷል። ፊቱ ወደ በሩ ነው።

«ባለማሽላው አንተ ነህ?» አልኩት።

ድንግጥ አለ። «አንቺም እዚያ አለሽ እንዴ?»

«አነባለሁ እንጂ አልጽፍም» ብዬ ዋሸሁት።

ስልኩን ጭኑ ላይ ደፋው። «እነሱ አያውቁኝም፣ እታለም። ሽማግሌዎቹን ብጠይቅ ታርቀሃል፣ አርፈህ ሥራህን ሥራ ይሉኛል። አንቺን ብጠይቅ ታለቅሻለሽ። እዚያ ግን ሰው የመሰለውን ነው የሚናገረው።»

«ታዲያ አንተው ነህ እኮ አይምረውም የምትለው!»

«ተሳስተሃል እንዲሉኝ ነዋ።» ፈገግ ለማለት ሞከረ። «አንዲት ባለአበባ ነበረች፤ ወላሂ ስትከራከር! ታበሳጨኛለች። ግን ባጃጄን ዳር አቁሜ እሷ የጻፈችውን ሳላይ አልውልም ነበር። አሁን ሳምንት ሆናት፣ ጠፋች። እሷም ሐሳቧን ቀየረች መሰለኝ።»

እኔ ነኝ ልል አፌ ላይ መጥቶ ዋጥኩት። እኔ ነኝ ካልኩት የእህት ማባበያ ይሆንበታል፤ እሱ የፈለገው ከማያውቀው ሰው መስማት ነው። ስልኬን ይዤ ጓሮ ወጣሁና «ምሮታል» ብዬ ጻፍኩ። ስንት ጊዜ የጻፍኩት ቃል! አሁን ግን ጣቴ አልልክ አለኝ። እነዚያ ሰዎች ከልባቸው ምረውን እንደሆነ አላውቅም። ሳምንቱን ሙሉ አላመንኳቸውም፤ ያን ሰዓትም አላመንኳቸውም። እንዲያም ሆኖ ላክሁት።

«እታለም!» ብሎ ከውስጥ እንደ ልጅ ጮኸ። «መጣች! ባለአበባዋ መጣች!»