አጎቴ አይደነግጡም ነበር

ነፍሳቸውን ይማርና፣ አጎቴ ሱስ የያዛቸውን ወጣቶች ሲያማክሩ ፊት ለፊት ተቀምጠው አያውቁም። ካዛንቺስ ባለው ቤታቸው በረንዳ ላይ ጎን ለጎን ይቀመጡና መንገዱን እያዩ ያዳምጣሉ። "ፊት ለፊት ከሆነ ችሎት ይመስላል፤ ማን እውነቱን ይናገራል?" ይሉኝ ነበር።

በቀብራቸው ማግስት፣ አጎቴ መጠጥ እንድትተው ይረዷት የነበረች አንዲት ወጣት ለቅሶ መጣች። ድንኳኑ ውስጥ አጠገቤ ተቀምጣ ብዙ አለቀሰች።

"ትናንት ከቀብር ስመለስ ጠጣሁ" አለችኝ ቀስ ብላ። "እሳቸው ቢኖሩ ሮጬ እነግራቸው ነበር። አሁን ለማን ልንገር?"

"ለእኔ እኮ ነገርሽኝ" አልኳት።

"አንተማ ደነገጥክ። እሳቸው አይደነግጡም ነበር።"

እውነቷን ነው፤ ደንግጫለሁ። ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች። ከለቅሶው በኋላ እስከ ላንቻ ሰፈር ድረስ ጠይቄ አጣኋት። ዛሬም እፈልጋታለሁ፤ ባገኛት ምን እንደምላት ግን አላውቅም።