ሳይደርቅ የተቀባው ግድግዳ

ባለፈው ሐሙስ ጠዋት ከቤት ስወጣ አንድ ቀለም ቀቢ መሰላሉን ግድግዳዬ ላይ አስደግፎ አገኘሁት። ነሐሴ ገና አልወጣም፤ ጭጋጉ ከጭላሎ ተራራ ወርዶ የአሰላን መንገድ ሸፍኖታል፤ እሱ ግን ባልዲውን ከፍቶ ቀለም ያማስላል። በመንገዱ በኩል ያለው ግድግዳዬ ከታች ጀምሮ አብጧል፤ ቀለሙም እንደ ተቀቀለ ድንች ልጣጭ ተንጠልጥሏል። ሰውየው ያንን ሊሸፍንልኝ ነው።

«ማን አዘዘህ?» አልኩት።

«ልጅዎ ነዋ፣ ማዘር። ለእህቱ ሽማግሌ እሁድ ይመጣል ብሎ። ስቱኮ መታ መታ አድርጌ ሁለት ጊዜ ከቀባሁት ከሥሩ ያለውን ማንም አያውቅም።»

ደሜ ፈላ። «መሰላልህን አንሳ! አሸንዳው እላዩ ላይ እያፈሰሰ፣ ግድግዳው ውሃ እንደጠጣ ምኑን ነው የምትቀባው?» ብዬ ስጮህ ጎረቤት በሩን ከፍቶ አየኝ። ሰውየው ባልዲውን ከድኖ ሄደ። የተናደድኩት በእሱ አልነበረም። ያቺን «ማን አዘዘህ?» የምትል ጥያቄ ከአፌ ስትወጣ ሰማኋት፤ የእናቴ ጥያቄ ነበረች።

እናታችንን አዮ ነበር የምንላት። ቤታችን ወደ ኢተያ በሚወስደው መንገድ ዳር የቆመ የጭቃ ቤት ነበር፤ አባቴ ከሞተ በኋላ የምትጠግነው እሷ ነበረች። ክረምቱ ሲወጣ ጭቃውን ከስንዴ ገለባ ጋር ረግጣ የተቦረቦረውን ትለስናለች። ከዚያ ትጠብቃለች። በየጠዋቱ መዳፏን ግድግዳው ላይ ለጥፋ ትቆማለች፤ መዳፏ ከቀዘቀዘ «ገና ነው» ብላ ወደ ሥራዋ ትሄዳለች። ሳምንትም ይፍጅ ወር፣ ግድግዳው እጇን ካላሞቀው ነጩን አፈር አትቀባም። ያኔ ይህ ነገሯ ያናድደኝ ነበር።

አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። የቀበሌው ሊቀመንበር ትልቅ እንግዳ ስለሚመጣ በመንገዱ ዳር ያለ ቤት ሁሉ ዘይት ቀለም ይቀባ ብሎ አዘዘ። በነሐሴ! ቀኑን ሙሉ በሚዘንብበት ወር! ይህን ያሰበ ሰው በሕይወቱ አንድ ቀን እንኳ ግድግዳ ነክቶ አያውቅም። እኔ የወጣቶች ማኅበር አባል ስለነበርኩ ብሩሽ ከታደላቸው አንዷ ሆንኩ። አዮ በሩ ላይ ቆማ፣ «ልጄ፣ ይሄ ግድግዳ ውሃ ጠጥቷል። አሁን ከደፈንሽው በየት ይውጣ?» አለችኝ። ትእዛዝ ነው ብዬ ሰማያዊ ቀባሁት። እንግዳውም መጣ። መስኮቱ በእንፋሎት በታፈነ መኪና ጭቃ እየረጨብን አለፈ። ሰማያዊ ይሁን ጥቁር ማን አየው? እስከ ዛሬ ሳስበው ያንገበግበኛል።

ጥቅምት ላይ ቀለሙ እያበጠ መላጥ ጀመረ። በውስጥ በኩል፣ በአዮ አልጋ ራስጌ፣ ግድግዳው አላበው፤ ጥቁር ሻጋታም አወጣ። እሷም ማሳል ጀመረች። ሊቀመንበሩ እንግዳው ካለፈ ወዲህ ሰፈራችንን ዞር ብሎ አላየውም ነበርና፣ አዮ የወጥ ቤት ቢላዋ ይዛ ሦስት ቀን ሙሉ ፋቀችው። ከዚያ ጢቾ ዘመድ ሞቶባት ለለቅሶ ተነሳች። ለእኔ ጭኮ በሳህን አስቀምጣ፣ «ፀሐይ ይምታው፤ እንዳትነኪው» ብላኝ ሄደች።

ጭኮውን በልቼ ሳልጨርስ ግድግዳውን ነካሁት። የማኅበሩ ልጆች በደጃችን ሲያልፉ «የእናንተ ቤት ቆረቆር ያዘው እንዴ?» ብለው ሳቁብኝ፤ እኔም አፈርኩ። ግማሽ ጣሳ ቀለም ተርፎኝ ነበር። ማንም ሳያዘኝ አውጥቼ ከጥግ እስከ ጥግ ቀባሁት። ግድግዳው አንጸባረቀ፤ እኔንም ደስ አለኝ።

አዮ በአምስተኛው ቀን ከአውቶቡስ ወርዳ መጣች። ዘንቢሏን ሳታስቀምጥ መዳፏን ለጠፈችው። ብዙ ቆየች።

«ማን አዘዘሽ?»

«ሊቀመንበሩ» አልኩ።

እናቴ ቁጡ ነበረች፤ ቁጣዬን የወረስኩት ከእሷ ነው። ሻሿን አጥብቃ ወደ ቀበሌ ገሰገሰች፤ እኔም ተከተልኳት። ባለጉዳይ በተሞላ ቢሮ ውስጥ በአማርኛም በኦሮምኛም አወረደችበት። «አንተ ሰውዬ፣ ምን አድርጌህ ነው የገዛ ልጄን ግድግዳዬ ላይ የምትልክብኝ? ደረቴን ጨረስከው እኮ!» ሰውየው መጀመሪያ ግራ ገባው። ከዚያ ዓይኑ ወደ እኔ ዞረና ገባው። አላዘዝኩም ቢል ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ግን በሰው ፊት ሴት ጮኻበታለች፤ እሱ ሳያዝ የሚሠራ ነገር አለ ማለትም ለእሱ ውርደት ነበር። ጠረጴዛውን መታና፣ «አዎ፣ አዝዣለሁ! ከዛሬ ጀምሮ ያንን ግድግዳ የነካ ይጠየቃል!» አለ።

እውነቱን የምናውቀው እኔና እሱ ነበርን። ሁለታችንም ዝም አልን።

ግድግዳው እንደታፈነ ከረመ። አልጋዋን ወደ መሃል ብንስበውም ቤቱ ሁሉ ሻጋታ ሻጋታ ይሸት ነበር። በቀጣዩ ክረምት ግድግዳው ተገምሶ ወደ መንገዱ ወደቀ፤ በኋላ ሠራነው። የአዮ ሳል ግን እስክትሞት አልለቀቃትም። ባሳላት ቁጥር ሊቀመንበሩን ትረግመው ነበር። እኔም አብሬያት እረግመው ነበር፤ እንዲያውም ከእሷ ጮክ ብዬ።

ሰውየው ወራዳ ነበር፤ ይህን ቃሌን ዛሬም አልመልስም። በእሱ ላይ ስናደድ ግን ይህን ሁሉ ዘመን ተመችቶኝ ኖሬያለሁ። ለአዮ ስንት ዓመት ሙሉ ሽሮፕ እየገዛሁ ወሰድኩላት፤ ያቺን አንዲት ነገር ግን ሳልነግራት ቀበርኳት።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ልጄ ከሥራ ሲመጣ ቢላዋ ይዤ ግድግዳውን ስፍቅ አገኘኝ። ሰማያዊው ሳይሆን የዚህ ዘመን ክሬም ቀለም ነው፤ አላላጡ ግን ያው ነው። መዳፌን ለጠፍኩት፤ ቀዝቃዛ ነበር።

«እማ፣ እሁድ እንግዶቹ ምን ይላሉ? ቀለም ቀቢውን ሂድ ያለው ማነው?» አለ ተቆጥቶ።

«እኔ ነኝ» አልኩት።

«እኔ ነኝ» ማለት ይህን ያህል ቀላል መሆኑን ሳውቅ፣ እንደገና ተናደድኩ።